ኦሪጅናል ነው ወይስ ታይዋን?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ አማኑኤልን ያውቃታል። ያውቃታል ስል አልፏት ሄዷል ማለቴ ነው። የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ብትሆንም ለመንገደኛ ግን ሻይ ተጠጥቶ፣ ጎማ ተነፍቶ፣ የራዲያተር ውሃ ተሞልቶ የምትታለፍ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ከጮቄ በኩል የሚወርደው የጠዋት ብርድ ለሰውም ለናፍጣ ሞተርም አይመችም። ስለዚህ ከቅዳሴው ደወልና ከዶሮው ጩኸት ቀጥሎ በከተማዪቱ የሚሰማው ድምፅ አልነሣ ያለ የአሮጌ ጭነት መኪና ማቃሰት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት በዚችው ከተማ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ጋራዥ ማለት ካልበዛበት ነው፤ በባሕር ዛፍ አጠና ላይ የተዘረጋ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ በቃጠሎ ዘይት የጠቆረ መሬት፣ በመሬቱ ላይ አንድ ሸራ፣ በሸራው ላይ የተፈታ ሞተር። አንድ ወጣት ባለመኪና በሸራው ዙሪያ ይንቆራጠጣል። ሹፌሩ ቁርስ ሊበላ ሄዷል። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ የዚህ ሙያ ሰው ሁሉ በቀን አሥር ጊዜ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ኦሪጅናሉ ይግባ ወይስ ታይዋኑ?»

ወጣቱ ግራና ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታይዋኑን አስገባው፤ ለሹፌሩ ግን ኦሪጅናል ነው በልልኝ» አለው።

መካኒኩ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያም፣ «ወንድሜ፣ ዕቃውን እገጥምልሃለሁ። ቃሉን ግን አንተው ተናገረው» አለና ወደ ሥራው ጎንበስ አለ።

ያ ወጣት የተናገረውን ዐረፍተ ነገር እኔ ከሃያ ዓመት በፊት በልቤ ይዤ፣ በአፌም ፈጽሜዋለሁ። ልዩነታችን እኔን እምቢ ያለኝ ሰው አለመኖሩ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ጥያቄ አልለቀቀኝም። መለዋወጫ መግዛት የገንዘብ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ አገር በየቀኑ ስንት ሺሕ ሰው ሕይወቱን የሚያኖረው አንድ ባለመኪና በአንድ ሱቅ መስኮት ላይ በመረጠው ሳጥን ላይ መሆኑን ስናስብ፣ ጉዳዩ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደናል።

* * *

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። በአገራችን ገበያ «ታይዋን» የአገር ስም መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ጫማው ታይዋን ነው፣ ሰዓቱ ታይዋን ነው፣ አልፎ ተርፎም ሰውየው ታይዋን ነው ይባላል። መሰል እንጂ እሱ ያልሆነ፣ ላዩ አምሮ ውስጡ ባዶ የሆነ ነገር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ዓለም ግን ተገልብጣለች። ዛሬ እጅግ ረቂቅ የሚባሉት የኮምፒዩተርና የስልክ ቺፖች በአብዛኛው የሚሠሩት በዚያችው ደሴት ነው። የዕቃን ጥራት የሚወስነው የተሠራበት አገር ቢሆን ኖሮ «ታይዋን» ዛሬ የሙገሳ ቃል መሆን ነበረበት። እንግዲያው ስድባችን ለአገሪቱ አልነበረም። የሰደብነው አንድን ጠባይ ነው፤ በሌላው ስም መነገድን።

«ኦሪጅናል» የሚለውም ቃል ከችግር የጸዳ አይደለም። የጎጃም መንገድ ሲነሣ ለኔ ዕድሜ ሰው ፊቱ ላይ ድቅን የሚልበት የጭነት መኪና ፊያት 682 ነው፤ በተለይም ኤንትሬ የምንለው። እ.ኤ.አ. በ1952 መሠራት የጀመረው ይህ መኪና ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ አፍንጫ የሌለው፣ ትከሻው ሰፊ የጣሊያን ሥራ ነበር፤ በብዙ የአፍሪካ አገሮችም እንደ መንገድ ንጉሥ ይታይ ነበር። ኤንትሬ ማለት በጣሊያንኛ «ኤን ሦስት» ነው፤ የሞዴሉ መለያ። መካኒኮቻችንም ሙያውን ከጣሊያኖቹ ጋራዥ ከነቋንቋው ወርሰውታል። የሞተሩን ክዳን ቴስታታ፣ በክዳኑና በሞተሩ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ ጓርኒሲዮን፣ የፒስተኑን ቀለበት ፋሻ፣ ክራንክ ሻፍቱ የሚሽከረከርበትን ልብስ ብሮንዚና፣ የተበላውን ብረት እኩል አድርጎ መላግን ሬቲፊካ ይሉታል። ጣሊያንኛ አንድ ቃል አላውቅም የሚለው የማቻከል ልጅ ጋራዥ ከገባ በኋላ ቀኑን ሙሉ ጣሊያንኛ ሲናገር ይውላል።

ነገር ግን ፊያት የጭነት መኪና ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1975 ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር አዋሕዶ ኢቬኮ በሚል ስም አደራጀው። 682ም ከዓመታት በኋላ መሠራቱ ቀረ። እዚህም አገር በአዲስ አበባ የፊያትን መኪና ሲገጣጥም የነበረው አምቼ ወደ ኢቬኮ ተሻገረ። ታዲያ ፋብሪካው ለተወው መኪና «ኦሪጅናል መለዋወጫ» ማለት ምን ማለት ነው? ከብዙ ዓመት በፊት ተሠርቶ በመጋዘን አቧራ ለብሶ የቆየ ማሸጊያ ነውን? ዕድሜ ያደረቀው ጓርኒሲዮን ኦሪጅናል ቢሆንስ ምን ይረባል? ወይስ ከሌላ ከሞተ መኪና ሆድ የወጣ ብረት ነው? እሱ በእውነት ኦሪጅናል ነው፤ ግን ግማሽ ዕድሜው ተበልቷል።

ነገሩን የሚያውቁ ነጋዴዎች ሲያስረዱ፣ መለዋወጫ ሁለት ሳይሆን ቢያንስ አራት ዓይነት ነው። አንደኛው በመኪናው ፋብሪካ ስምና ሳጥን የሚመጣው ነው። ሁለተኛው ያንኑ ዕቃ ለመኪናው ፋብሪካ ሠርቶ የሚያቀርበው ኩባንያ በራሱ ስም የሚሸጠው ነው፤ የመኪና ፋብሪካ ፒስተኑንም ፋሻውንም የናፍጣ ፖምፓውንም ሁሉ ራሱ አይሠራምና። የጀርመኖቹ ቦሽና ማህሌ በዚህ የታወቁ ናቸው። ሦስተኛው ሌላ ፋብሪካ ልኩን ወስዶ በራሱ ስም የሚያወጣው ነው። ከቱርክ፣ ከህንድ፣ ከቻይና ከሚመጣው ብዙው ከዚህ ይመደባል፤ ጥሩም መጥፎም አለው፤ ስሙን ግን አይደብቅም። አራተኛው የሌላውን ስም፣ የሌላውን ሳጥን፣ የሌላውን ማኅተም ለብሶ የሚመጣው ነው።

ርካሽ የሚባሉት ሦስተኛውም አራተኛውም ናቸው። ውሸታሙ ግን አራተኛው ብቻ ነው። ገበያው ሁለቱንም «ታይዋን» ብሎ በአንድ ቃል በመጥራቱ ድህነትንና ማታለልን አንድ አደረጋቸው። ከዚያ ወዲያ ድሃው እንደ አታላይ ያፍራል፤ አታላዩም ድሃ ነኝ ብሎ ይሸሸጋል።

* * *

ልዩነቱ በዓይን ቢታይ ኖሮ ይህን ሁሉ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። ብሮንዚናን እንውሰድ። ሲያዩት የሚያብለጨልጭ ግማሽ ቀለበት ነው። ደህናው ጀርባው ብረት፣ መካከሉ የመዳብና የእርሳስ ወይም የአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ላዩ ከወረቀት የቀጠነ ለስላሳ ሽፋን ነው። ሞተር ሲነሣ ዘይት እስኪደርስ ባለችው ቅጽበት ብረት ብረትን እንዳይበላ የሚያደርገው ያ ሽፋን ነው። የሐሰተኛው ቅርጽ ያው፣ ቁጥሩ ያው፣ ብልጭታውም ያው ነው። የሚለየው መኪናው ጭኖ ዳገት መውጣት ሲጀምር ነው። ፋሻም እንደዚሁ፤ በደንብ ያልተሠራው ሙቀት ሲበዛበት የመለጠጥ ኃይሉን ያጣና ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል።

የጥገና ወጪ የሚባለውም በደረሰኝ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። የተበላ ክራንክ ሻፍት ሬቲፊካ ሲገባ በሩብ ሚሊ ሜትር ይላጋል፤ በዚያው መጠን የወፈረ ብሮንዚና ይገባለታል። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሩብ፣ ከዚያም ሌላ ሩብ። አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ መላጉ ያበቃል፤ ብረቱ ቀጥኗል፣ ብሮንዚናም አይገኝለትም። እንግዲህ አንድ መጥፎ ብሮንዚና የሚበላው የዛሬን ኪስ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩ ከቀሩት ጥቂት ዕድሎች አንዱንም ይዞ ይሄዳል። አሮጌ ሞተር እንደ ሽማግሌ ነው፤ ስንት ቀዶ ጥገና እንደሚችል የተቆጠረ ነው።

ፕሉታርክ የሚባለው የግሪክ ጸሐፊ፣ አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሲየስን መርከብ እንዴት ጠብቀው እንዳቆዩ ይተርካል። ሳንቃው በበሰበሰ ቁጥር በአዲስ ይተኩታል። ፈላስፎችም ያችው መርከብ ናት ወይስ ሌላ እያሉ ይከራከሩባታል። እኛ ዘንድ ለመኪና ክርክሩን ሊብሬ ፈጽሞታል፤ የሻንሲ ቁጥሩ ያው ከሆነ መኪናው ያው ነው። በገጠር ቤተ ክርስቲያንም ሣሩ በቆርቆሮ፣ ጭቃው በድንጋይ ቢተካ፣ ታቦቱ እስካለ ድረስ ያው አማኑኤል ነው፣ ያው ማርቆስ ነው። መለወጥ በራሱ ውሸት አለመሆኑን ሕዝባችን ከጥንት ያውቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። የኔ መኪና ስሟ ፊያት ነበር። ሆዷ ግን ከየአገሩ የተለቀመ ነበር። የሚያያት ሰው ሁሉ ግን «ፊያት ናት፣ ብረት ናት» እያለ ያምናታል። ሰው የሚሳፈረው ስሙን አምኖ ነው፤ ዳገቱን የሚወጣው ግን ሆዱ ነው።

* * *

ነገሩ የሆነው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከወንድሜ ጋር በሽርክና የገዛናት አንዲት ኤንትሬ ነበረችን። ከአማኑኤልና ከደንበጫ ጤፍና አጠና ጭና አዲስ አበባ ትገባለች፤ ስትመለስ ጨው፣ ሳሙናና ቆርቆሮ ይዛ ትመጣለች። ሹፌሩ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ፤ «ጋሼ» ነበር የምላቸው፤ እሳቸውም «ልጄ» ይሉኝ ነበር። ረዳቱ ከማቻከል ገጠር የመጣ ልጅ ነው፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው።

በኅዳር ወር ጓርኒሲዮኗ ተቃጠለ። አዲስ አበባ ወርጄ ከአንድ ሱቅ ብጠይቅ ባለሱቁ ሁለት ሳጥን አወጣልኝ። በሁለቱም ላይ የታተመው ስም አንድ ነው። «ይኼ ኦሪጅናሉ፣ ይኼ ታይዋኑ» አለኝ በግልጽ። ሰውየው አላታለለኝም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ዋጋቸው እጥፍ ለእጥፍ ይራራቃል። የባንክ ብድር አለብን፤ የታኅሣሥ ጤፍ እየደረሰ ነው፤ መኪናዋ በቆመች ቁጥር ወለዱ ይቆጥራል። ታይዋኑን ገዛሁ።

አማኑኤል ስመለስ ጋሼ ሳጥኑን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ኦሪጅናሉን ነው ያመጣኸው ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ» አልኋቸው።

ሁለት ቃል ናት። አፍሬ ነበር የዋሸሁት። ርካሽ ገዝቶ መጣ እንዳይሉኝ። ቀደም ብዬ እንዳልሁት፣ ድሃነቴ እንደ አታላይ አሳፈረኝ፤ ከኀፍረቱ ለማምለጥ ደግሞ እውነተኛ አታላይ ሆንሁ።

በታኅሣሥ መቶ ኩንታል ገደማ ጤፍ ጭነው ወጡ። እኔ አብሬ አልሄድሁም። ደጀን ላይ ቡና ጠጥተው ወደ ዓባይ ወረዱ። ያን ሸለቆ ያየ ያውቀዋል፤ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ መኪና ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ይወርድና ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ከላይ ደጋ ነው፤ ከታች በረሃ። ቁልቁለቱ ፍሬንን ይፈትናል፤ ዳገቱ ሞተርን። የታችኛው ሙቀት ሞተሩን ሳያቀዘቅዘው የላይኛው አየር ይሳሳበታል።

ጋሼ አንድ ልማድ ነበራቸው። ደካማ ዕቃ የገባበት ሞተር ሲይዙ ያን ዳገት በአንድ ትንፋሽ አይወጡትም። ሦስት ቦታ ያቆማሉ፤ ሞተሩን ሳያጠፉ ያሳርፉታል፤ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይደገፋል፤ ከታች ያለውን ወንዝ እያዩ ሲጋራቸውን ያጨሳሉ። ያን ቀን አላቆሙም። ለምን ያቆማሉ? ዕቃው ኦሪጅናል ነዋ።

ኋላ ሲፈታ እንደታየው፣ በአንደኛው ሲሊንደር ዙሪያ ያለው የጓርኒሲዮኑ የብረት ቀለበት ለቆ ነበር። የቃጠሎው ጋዝ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ገባ፤ ጋዙ ውሃውን ገፍቶ አስወጣው። ውሃው ሲጎድል የሙቀት መለኪያው የሚነካው ውሃ አጣና ቀስቱ ወደ ታች ተመለሰ። የሞተር ተንኮል እንዲህ ነው፤ ሊሞት ሲል የዳነ ይመስላል። ሞተሩ ኃይል ሲያጣ ጋሼ ዳር ይዘው ቆሙና ልጁን «ውሃ እይ» አሉት። ቀስቱ ወርዷል፤ ጓርኒሲዮኑ ገና አዲስ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ልጁ ክዳኑ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ ፈታው።

እንፋሎቱና የፈላው ውሃ ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ፣ አንገቱንና የአንድ ጉንጩን ግማሽ ላጠው።

ልጁ ሁለት ወር ተኝቶ ዳነ። ጠባሳው አልዳነም። ጋሼ በአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ያለቀሱትን ልቅሶ አልረሳውም። «እኔ ነኝ፤ ሳላቆም የወጣሁት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ዝም አልሁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐረፉ፤ ጥፋቱ የራሳቸው እንደሆነ እያመኑ።

* * *

ለብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ጓርኒሲዮኑ ነው እያልሁ ራሴን አጽናንቻለሁ። ፋብሪካውን ረገምሁ፤ አስመጪውን ረገምሁ፤ ተቆጣጣሪውን ረገምሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸ ነው። እርግጥ የሌላውን ስም አትሞ የላከው ሰው ዕዳ አለበት። ነገር ግን ያ ሐሰተኛ ስም በሶማሌ ተራም በመርካቶም ማንንም ሲያታልል አላየሁም። ባለሱቁ ያውቃል፤ እኔም ዐወቅሁ። ውሸቱ ጉልበት ያገኘው ከሱቁ ወጥቶ እኔ አፍ ሲደርስ ነው።

ደካማነቱ የታወቀ ዕቃ እንደ ደካማ በሬ ነው። ገበሬ ደካማ በሬውን ያውቀዋል፤ ጠዋት ያርስበታል፣ ፀሐይ ሳይከር ይፈታዋል፤ አብረው ዓመቱን ይዘልቃሉ። ደካማነቱ የተደበቀ ግን ጠላት ነው። ጋሼ በታይዋን ጓርኒሲዮን ያን ዳገት ብዙ ጊዜ ወጥተውታል። እውነቱ ቢነገራቸው ኖሮ ሦስት ጊዜ ያቆሙ፣ ሦስት ሲጋራ ያጨሱ ነበር። ልጁም ትኩስ ራዲያተር ባልከፈተ ነበር። እኔ የሰረቅኋቸው የዕቃውን ጥራት አይደለም፤ ጥንቃቄያቸውን ነው።

ሲሴሮ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ክርክር አለ። በሮድስ ደሴት ረኀብ ገብቷል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ከኋላው ሌሎች ብዙ መርከቦች እህል ይዘው እየመጡ መሆናቸውን በመንገድ አይቷል። ይህን ለሮድስ ሰዎች መንገር አለበት ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ዲዮጋንስ የተባለው ፈላስፋ፣ ሻጭ ሕግ ያዘዘውን ጉድለት ይናገር፤ ከዚያ በላይ አለመናገር መደበቅ አይደለም ይላል። ተማሪው አንቲጳጥር ደግሞ፣ ገዢ የማያውቀው ሻጭ የሚያውቀው ምንም ነገር ሊኖር አይገባም፤ ሰው የተፈጠረው ለሰው ነውና ይላል። ሲሴሮ ራሱ ለአንቲጳጥር ይፈርዳል፤ ሌላው ቢያውቀው የሚጠቅመውን ነገር ለራስህ ትርፍ ስትል ካስቀረህበት ደብቀሃል ብሎ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ከሁለቱ ፈላስፎች የቱ ይከላከልልኝ ይሆን ብዬ ፈለግሁ። ልል የሚባለው ዲዮጋንስ እንኳ ለኔ ጠበቃ አይቆምም። እሱ የፈቀደው ዝምታን ነው፤ እኔ ግን ተጠይቄ «አዎ» ብያለሁ።

ሌላም ያስተዋልሁት ነገር አለ። የፈላስፎቹ ክርክርም ሆነ የኛ ሕግ የሚጠብቀው በዋነኛነት ገዢን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል። በአዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። መልካም ነው። ነገር ግን በኔ ታሪክ ገዢው እኔ ነበርሁ፤ መብቴም አልተነካም። ጋሼ ገዢ አልነበሩም። ልጁም ገዢ አልነበረም። በጭነት መኪና ነገር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ ዕቃውን የሚገዛው ሌላ ነው፤ በዕቃው ላይ የሚቀመጠው ሌላ ነው።

* * *

አንባቢ እዚህ ላይ ሊከራከረኝ ይችላል። «አንተ የምትለው ለባለጸጋ ነው። ድሃ አገር ነን፤ ኦሪጅናል ይግባ ካልን መንገዱ ላይ መኪና አይቀርም» ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው። በ1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወጣ። የኔ ነገር በሆነ ጊዜ ገና ከ9 ብር በታች ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብሮንዚናው አልተለወጠም፤ ሳጥኑም አልተለወጠም፤ ዋጋው ግን ባደረበት አላደረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ደግሞ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከበድ ያለ ታክስ ጣለ። አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነው። ነገር ግን አዲስ ለመግዛት አቅም ያጣ ሰው የሚያደርገው ያለውን አሮጌ እንደምንም እየጠጋገኑ መቆየት ነው።

ስለዚህ በርካሽ ዕቃ ላይ ፍርድ ለመስጠት አልተነሣሁም። ከመዳብ ቆርቆሮና ከወፍራም ወረቀት በመቀስ ቆርጠው ማሸጊያ የሚሠሩ፣ የተሰነጠቀ ቴስታታ በከሰል አሙቀው የሚበይዱ መካኒኮች ይህችን አገር ሲያበሉ ኖረዋል። በእጅ የተቆረጠው ማሸጊያ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ከሁሉም ይልቅም ሐቀኛው እሱ ነው። የማንም ስም የለበትም። የሚያየው ሹፌር ሁሉ ምን እንደያዘ ያውቃል። ድህነት ርካሽ እንድንገዛ ያስገድደናል፤ ይህን እቀበላለሁ። እንድንዋሽ ግን ያስገደደበትን ቀን አላየሁም።

እዚህ ላይ ባቆም ጽሑፉ ያምርልኝ ነበር። ነገር ግን ለራሴ የማዳላ ይመስለኛል። እስቲ እውነቱን ነግሬያቸው ነበር እንበል። «ጋሼ፣ ታይዋን ነው፤ አቅም አነሰኝ» ብላቸው ምን ይሉ ነበር? እሺ ብለው ይሄዱ ነበር። የሚያሳድሩት ቤተሰብ አለ፤ እምቢ ቢሉ ሌላ ሹፌር አለ። ቢጠነቀቁም አደጋው ሊደርስ ይችል ነበር። ያን ጊዜ እኔ «ነግሬያቸዋለሁ» ብዬ እጄን ታጥቤ እተኛ ነበር። እንግዲያው መናገር ብቻውን አያነጻም። እምቢ ለማለት አቅም ለሌለው ሰው እውነት መንገር ሸክም ማሻገር ሊሆን ይችላል። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ «ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ አይደለንም» ተብሎ የሚለጠፈው ማስታወቂያም ከዚሁ ወገን ነው።

ክፋቱ ሥር የሰደደው ይህ ይመስለኛል፤ ቅናሹን የሚበላው አንዱ ነው፤ አደጋውን የሚበላው ሌላው ነው። ዋጋ የቀነስሁት እኔ፣ ቆዳው የተላጠው ልጁ። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲያርፉ ሰው በራሱ ጥበበኛ ይሆናል፤ በራሱ ሕይወት ላይ ስንት እንደሚቆጥብ ያውቃል። ሲለያዩ ግን በሌላው ሕይወት ላይ መቆጠብ ይቀለዋል። ስለዚህ እኔ የደረስሁበት ደንብ ቀላል ነው፤ ቅናሹን የበላ አደጋውን ይካፈል። ካልተካፈለ ቅናሹን አይብላ።

* * *

ያ የአማኑኤሉ መካኒክ ፕሉታርክንም ሲሴሮንም አላነበበም። ጋራዡ ደጃፍ ቆሜ የሆነውን አየሁ። ሹፌሩ ከቁርስ ሲመለስ መካኒኩ ሥራውን አቆመና ሁለቱንም በሸራው ዳር አቆማቸው። የተቃጠለውን ዕቃ ለሹፌሩ ሰጠው፤ አዲሱንም ከነሳጥኑ አስያዘው። ከዚያ ወደ ባለመኪናው ዞሮ ጠበቀ። ወጣቱ ፊቱ ቀላ። «ታይዋን ነው፤ ለጊዜው አቅሜ ይኸው ነው» አለ መሬት መሬት እያየ። ሹፌሩ ዕቃውን አገላበጠ፤ በጣቱ መታ መታ አደረገው። «እንግዲህ ዓባይን በሌሊት እንወጣዋለን፤ ሲቀዘቅዝ» አለ። መካኒኩም፣ «የመጀመሪያውን መንገድ ባለቤቱ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ይሂድ» አለና ሳቀ። ለሁሉም ደንበኛ እንደሚለው ኋላ ነገረኝ። ወጣቱ ሄደ አልሄደ አላውቅም። ሲሳፈር ግን አይቻለሁ።

እኔም ያን ሳምንት ለሃያ ዓመት የፈራሁትን አደረግሁ። ያ ረዳት ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ የራሱ አይሱዙ አለው፤ ልጆች አሉት። ደብረ ማርቆስ ቤቱ ሄጄ ሁሉንም ነገርሁት፤ ሁለቱን ሳጥኖች፣ «አዎ ጋሼ» ያልሁትን፣ በአልጋው አጠገብ ዝም ያልሁትን። ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝ። በጠባሳው እጁ የቡናውን ሲኒ እያዞረ ረጅም ጊዜ ቆየ።

«ጋሼ እስኪሞቱ ድረስ በየፋሲካው በግ ያመጡልኝ ነበር» አለኝ። «አይገባዎትም እያልሁ ስመልስ ይቆጡኝ ነበር። ይቅርታውን ለሳቸው ነበር መንገር የነበረብዎት።»

የምመልሰው አልነበረኝም። ልነሣ ስል አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ በቁጣ ሳይሆን፣ ሙያው እንደሆነ ሰው።

«ለመሆኑ ያን ጊዜ ስንት ብር ቀነሰልዎት?»

ቆሜ አሰብሁ። አላስታወስሁም።